አያ ሽባባው በነሐሴ የመረጠው ወንዝ

ተረት ልነግራችሁ ነው። «ንገረን» በሉ። አንዴ ብቻ በሉ፤ ብዙ ወሬ አልወድም።

ድሮ ነው። ውሃ እንደ ሰው ዳኛ በነበረው ዘመን ነው።

በአንድ ደጋ አገር አያ ሽባባው የሚባል ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። እርሻ ብቻ ግን አልነበረም ሥራው። አገሬው የውሃ አባት አድርጎ ሾሞታል። የውሃ አባት ማለት ውሃን የሚለይ ሰው ነው። ይህ ለመጠጥ፣ ይህ ለከብት፣ ይህ ለመስኖ፣ ይህ ለምንም፤ ብሎ የሚመድብ ነው። አዲስ ጎጆ የሚወጣ ሰው እሱን ሳይጠይቅ ምሰሶ አይተክልም።

አያ ሽባባው ወንዝ ሲለይ ከዳሩ ይቆማል። ዱላውን ውሃው ውስጥ ይተክላል። ከዚያ እንደ ሰው ያናግረዋል።

«ማን ወለደህ? ምን ላይ ትተኛለህ? በግንቦት የት ነህ?»

ወንዝ አፍ የለውም። መልሱን ግን ይሰጣል። ከምንጭ የሚወለድ ውሃ አለ። ከዝናብ የሚወለድ ውሃ አለ። ምንጭ የወለደው እናት አለችው፤ በጋ ከክረምት ታጠባዋለች። ዝናብ የወለደው አባቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ድንጋይ ላይ የሚተኛ ውሃ ንጹሕ ነው። ጭቃ ላይ የሚተኛ አልቅት ያረባል። አሸዋ ላይ የሚተኛውን ደግሞ የገዛ አልጋው ይጠጣዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ግንቦት ፀሐዩ ምድርን አድርቆ የጨረሰበት፣ ክረምቱም ገና ያልገባበት ወር ነው። ያ ወር ካልመጣ የሦስተኛው ጥያቄ መልስ አይገኝም። ስለዚህ ያገሩ ደንብ ጥብቅ ነበር። የውሃ አባት ውሃውን በግንቦት ሳያይ ቃል አይሰጥም።

አያ ሽባባው ይህን ደንብ ለሰው ሁሉ ጠበቀ። የገዛ ልጁ ጊዜ ግን አፈረሰው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ልጁ አትጠገብ ትባላለች። ሌላ ልጅ የለውም። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ በአንድ ነሐሴ ከሦስት ቤት ሽማግሌ መጣባት። አንደኛው አስረስ ለሚባል ጎበዝ ለመነ። ሁለተኛው ልየው ለሚባል ጎበዝ ለመነ። ሦስተኛው ቢያድግ ለሚባል ጎበዝ ለመነ። አያ ሽባባው እንደ ወጉ የሦስቱንም ሰባት ቤት ቆጠረ። ዝምድና የለም። ነውር የለም። የቀረው ውሃው ነበር። ልጁ ከየት እንደምትቀዳ ማየት አለበት።

ሚስቱ እመት ይታይሽ፣ «ግንቦት ይምጣ» አለችው። «ለሰው ልጅ ግንቦትን ይጠብቁ የለም? ለራስዎም ልጅ ይጠብቁ።»

«እስከ ግንቦት ሦስቱም ሌላ ቤት ይሄዳሉ። ልጄ ቆማ ትቅር?»

«ተጠምቶ ከመኖር ቆሞ መቅረት ይሻላል።»

አልሰማትም። በቅሎውን ጫነ። ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ወጣ።

መጀመሪያ ከአስረስ ወንዝ ደረሱ። ስሙ ረጋ ነው። ሰፊ ነው፤ ጥቁር ነው። አይጮኽም፤ አይቸኩልም። ዳሩ ሁሉ ቄጠማ ነው። አያ ሽባባው ዱላውን ተከለ። ዱላው ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ሲነቅለው አልቅት ተጣብቆበታል።

«ይህ አይደርቅም» አለ። «ግን ከብት ይጨርሳል።» እውነቱን ነበር። አለፉ።

ቀጥሎ ከልየው ወንዝ ደረሱ። ስሙ ጭልጭል ነው። ከቋጥኝ ሥር ይወጣል፤ ጠጠር ላይ ይሮጣል። ጠባብ ከመሆኑ የተነሳ ፍየል ሳትረጥብ ትዘለዋለች። ያገሩ ወንዝ ሁሉ ደፍርሶ በቀላበት በዚያ ነሐሴ፣ ይህ ውሃ ታቹ ድረስ ይታያል። የልየው እናት እመት ዘርትሁን ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቅል ይዛ ወጣች።

«አያ ሽባባው፣ እስቲ ከበቅሎ ይውረዱ። እጅዎን ይንከሩት።»

የቢያድግ ሽማግሌ ቀደመው። ይህ ሽማግሌ ምላሱ ማር ነው። «ይህን ነው ወንዝ የምትሉት? እኔ እኮ ገንቦ የተሰበረባችሁ መስሎኝ!»

ሰው ሳቀ። አያ ሽባባውም ሳቀ። መሳቁ አልበቃ አለውና ጨመረበት።

«እመት ዘርትሁን፣ ይህን የሚጠጣው ሰው ነው ወይስ ዶሮ?»

«የጠማው ይጠጣዋል» አለችው።

አያ ሽባባው አልወረደም። ዱላውን አልተከለም። ማን ወለደህ አላለም። ልየው ከእናቱ ኋላ ቆሞ ነበር። አንገቱን ደፋ።

በመጨረሻ ወደ ቢያድግ ወንዝ ሄዱ። ስሙ ነጎዶ ነው። ገና ከተራራው ማዶ ሳሉ ጩኸቱ ተሰማ። ቀይ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሰው ተጣርቶ አይሰማማም። ግንድ ይዞ ይወርዳል፤ ቋጥኝ ያንከባልላል። በቅሎዋ ፈርታ ወደ ኋላ አለች።

የቢያድግ ሽማግሌ ወደ አያ ሽባባው ጆሮ ተጠግቶ ጮኸ። «የውሃ አባት ልጅ ፍየል ከሚዘለው ልትቀዳ ነው? ይህን ይዩ! ይህን እንኳን ተራ ሰው፣ ንጉሥም ሳይለምን አይሻገረውም! አገር ምን ይላል? ሽባባው ለልጁ ወንዝ መረጠላት ይላል!»

አያ ሽባባው ዳሩን አየ። አንድ ዘለላ ቄጠማ የለም። ቀና ሲል ካቻምና ጎርፉ ያመጣው ደረቅ ግንድ ከዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ይህ የዝናብ ልጅ ምልክት ነው። ይህን ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ አስተምሯል። ያን ቀን ዓይኑ አየ፤ ልቡ አላየም።

«እንዲህ ያለ ወንዝ በግንቦት ግማሹ ቢቀር እንኳ ይበቃል» አለ። ልጁን ለቢያድግ ሰጠ።

ጥር ላይ ሰርግ ሆነ። ሙሽራዋን የወሰዱት ሚዜዎች ነጎዶን ሲሻገሩ ሱሪያቸውን አልሰበሰቡም። ውሃው ቁርጭምጭሚት እንኳ አይሞላም። አያ ሽባባው እስከ ዳሩ ሸኝቷቸው ነበርና አየ። ግን ቃል ሰጥቷል።

እንግዲህ ወጉን ታውቃላችሁ። አዲስ ሙሽራ የባሏን ቤት አታማም። ካማች እሷም ትነወራለች፤ ቤቱም ይነወራል። ስለዚህ አትጠገብ ቃል አልላከችም። በገበያተኛ እጅ ዕቃ ላከች።

በየካቲት ባዶ ቅል ላከች። አያ ሽባባው ቅሉን ገልብጦ አየው። «እንግዳ በዝቶባት ቅቤ አልቆባት ነው» አለ። ቅቤ ሞልቶ መለሰው።

በመጋቢት ድንጋይ ላከች። ክብ የወንዝ ድንጋይ ነው፤ እንደ አጥንት ነጥቷል። «ትዳሬ እንደ ድንጋይ ጸና ማለቷ ነው» አለ። ደጃፉ ላይ አስቀመጠው። ለጎረቤት እየጠራ አሳየ።

በሚያዝያ ገመድ ላከች። እንስራ ማዘያ ገመድ ነው። ተበልቶ ሊበጠስ ደርሷል። መሃሉ ላይ ደም ደርቆበታል።

አያ ሽባባው ይህንንም ሊፈታ አፉን ከፈተ። እመት ይታይሽ ቀደመችው።

«ዝም ይበሉ።»

እንዲህ ብላው አታውቅም።

«ቅሉ ባዶ ነው አለችዎት፤ ቅቤ ላኩ። ወንዙ ድንጋይ ሆነ አለችዎት፤ ለጎረቤት አሳዩ። አሁን ትከሻዬ ተላጠ ብላዎታለች። ምን ሊሉ ነው? የሰውየውን ሰባት ቤት ቆጠሩ። የወንዙን አንድ ቤት መቁጠር አቃተዎት?»

ገመዱን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።

ግንቦት ሲገባ አያ ሽባባው በቅሎውን ጫነና ልጁን ሊጠይቅ ሄደ። ከተራራው ማዶ ቆሞ አዳመጠ። ምንም የለም። ሲወርድ ነጎዶን አየው። ነጭ አሸዋ ነው፤ ነጭ ድንጋይ ነው። ሴቶች አሸዋውን እስከ ደረታቸው ቆፍረው ትተውታል። ጉድጓዱም ደርቋል። ንጉሥ የማይሻገረው በተባለው ወንዝ መሃል አንዲት አህያ ጀርባዋን እያከከች ትንከባለላለች።

ዱላውን አንስቶ መልሶ ያዘው። ያን ሦስት ጥያቄ ለመጠየቅ አፈረ።

ከልጁ ቤት ሲደርስ ልጁ የለችም። ባሏ ቢያድግ ከብቱን ውሃ ፍለጋ ነድቶ ሄዷል። አማቷ ብቻ ነበረች። ደነገጠች። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እግሩ ይታጠባል። ያገሩ ወግ ነው። እግሩ ያልታጠበ እንግዳ ካለ ቤቱ አልተቀበለውም ማለት ነው።

«ይግቡ፣ ይግቡ» አለች። «ይረፉ። ቆሎ ይቅመሱ።»

ቆሎ ቀመሰ። ቆሎው ጉሮሮው ላይ ቆመ።

«ውሃ ካለ…»

«እየመጣ ነው።»

ስለ እህሉ ጠየቀችው። ስለ ከብቱ ጠየቀችው። ስለ በቅሎዋ ጤና ሳይቀር ጠየቀችው። ዓይኗ ከበሩ አልተነሳም። የእሱም እግር በአቧራው እንደተሸፈነ ነው።

«ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?» አላት።

«ከወንዝ ነዋ» አለች። በሩ ክፍት ነበር። ሁለቱም ደረቁን አሸዋ አዩት። ሁለቱም ዞር አሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አትጠገብ መጣች። እንስራ አዝላለች። ከስታለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አባቷን ስታይ ደስታዋም እፍረቷም አንድ ላይ መጡባት። ስማው ዘወር አለች። ከዚያ የእግር መታጠቢያ ገበታ አቀረበችና ከእግሩ ሥር ተንበረከከች። ጎንበስ ስትል ነጠላዋ ከትከሻዋ ወረደ። ገመዱ የበላው ቁስል ታየ።

አያ ሽባባው እግሩን ሰበሰበ።

«እግርዎን ያምጡ፣ አባዬ።»

«አልታጠብም።»

«ለምን?»

«ጠጪው። ቀኑን ሙሉ የተሸከምሽውን እግሬ ላይ አታፍሺ።»

ወደ አማቷ ተመለከተች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አልታጠብም ካሉ ቤቴን አዋረዱት። ሌላው ሁሉ ሆኖልኛል። ይህን አይጨምሩብኝ።»

እግሩን ሰጠ። ምን ያደርጋል? ልጁ አጠበችው። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ እሱን ግን አቃጠለው።

«ከየት ቀዳሽው?» አለ።

እግሩን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች።

«ልጄ፣ ከየት ነው?»

«ከጭልጭል።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«እመት ዘርትሁን። እንስራውን የሚያሸክሙኝም እሳቸው ናቸው። በወጣሁ ቁጥር ልየው ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ እንዳላፍር ብሎ።»

አያ ሽባባው ራሱን በጋቢው ሸፈነ። እራት አልበላም።

በማግስቱ በቅሎውን ትቶ በእግሩ ወደ ጭልጭል ወጣ። መንገዱ ዳገት ነው። ልጁ በየቀኑ የምትወጣው ዳገት ነው። እመት ዘርትሁን ከውሃው ዳር ነበረች።

«እንደምን አደሩ፣ እመት ዘርትሁን።»

«እግዜር ይመስገን። በቅሎዋስ?»

«ትቻት መጣሁ።»

«ምነው? እዚያ የሚጠጣው ዶሮ ነው ብላ ነው?»

«ያንን አልረሱትም።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በሉ፣ ምን አመጣዎት?»

ቆሞ ውሃውን ለመነ። የሚለምን አንደበት አልነበረውም፤ ቃሉ ተቆራረጠበት። ጭልጭል ከላይ ነው፤ የቢያድግ መንደር ከታች ነው። ቦይ ቢቆፈር ውሃው በራሱ ይወርዳል። የልየው ማሳ ግን መሃል ላይ ነው።

ልየው መጣ። «ውሃው የእግዜር ነው» አለ። «በማሳዬ ዳር ይለፍ።» ሌላ አልጨመረም።

እናቱ ግን ሰውን በጉልበት ሳይሆን በቃል የምታስር ሴት ነበረች። «ይለፍ» አለች። «ነገር ግን የውሃ አባት ሳይመድበው ውሃ አይከፈልም። ደንባችሁ ነው። እሁድ አገሩ ሾላው ሥር ይሰብሰብ። እርስዎ ሦስቱን ወንዝ በሰው ፊት ይመድቡልን።»

«እመድባለሁ» አለ። ሦስት ወንዝ ብቻ መስሎት ነው።

እሁድ አገሩ ተሰበሰበ። አስረስ መጣ፤ ቢያድግ መጣ። ማር ምላሱ ሽማግሌም መጣ። አትጠገብ ከሴቶቹ መሃል ቆማለች። እመት ዘርትሁን ጠያቂ ሆነች።

«ረጋን ማን ወለደው?»

«ረግረግ ወለደው። ጭቃ ላይ ይተኛል። በግንቦትም አለ። ግን አልቅት አለበት፤ ከብት አይጠጣው። ለመስኖ ይሁን።»

«ጭልጭልን ማን ወለደው?»

«ምንጭ ወለደው። ድንጋይ ላይ ይተኛል። በግንቦትም አለ። ለሰው ይሁን። አንደኛ ነው።»

«ነጎዶን ማን ወለደው?»

አያ ሽባባው አንገቱን ደፋ። «ዝናብ ወለደው። አሸዋ ላይ ይተኛል። በግንቦት የለም። ለምንም ነው። መጨረሻ ነው።»

አገሩ አጉረመረመ። በነሐሴ አንደኛ ያደረገው ይህንኑ እንደነበረ ሁሉም ያውቃል። አያ ሽባባው ያለቀለት መስሎት ሊቀመጥ አለ።

«ይቁሙ» አለች እመት ዘርትሁን። «አንድ ውሃ ቀረ።»

«የቱ?»

«ባለፈው ነሐሴ በበቅሎ የመጣው። እስቲ እሱንም ይመድቡት። ማን ወለደው?»

አያ ሽባባው ዱላውን ተደገፈ። ሊዋሽ ይችል ነበር። ሊቆጣም ይችል ነበር። ልጁን አየና ሁለቱንም ተወ።

«ሙገሳ ወለደው» አለ።

«ምን ላይ ተኛ?»

«የሰው ምላስ ላይ።»

«በግንቦትስ የት ነበር?»

አያ ሽባባው እንዲህ አለ። «እስከ ግንቦት ምን አደረሰው? በየካቲትም አልነበረም። በመጋቢትም አልነበረም። ልጁ እንስራ ተሸክማ አባቴ ድረስልኝ ስትል፣ እሱ የላከችውን ድንጋይ ለጎረቤት ያሳይ ነበር።»

አትጠገብ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ከየትኛው ይመደባል?»

«ከነጎዶ ጋር» አለ አያ ሽባባው። «ለምንም።»

የውሃ አባትነቱን ዱላ መሬት ላይ አጋደመ። አገሩ አንሳ አላለውም። አገሩ መክሮ ዱላውን ለልየው ሰጠ። ልየው እንቢ ሊል ሲል እናቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ተቀበለ።

ማር ምላሱ ሽማግሌ በሕዝቡ ጀርባ ሹልክ ሊል ሞከረ። ያዙት። «አንተ ወንዝ ማሞገስ ትወዳለህ። እንግዲያው ለቦዩ ድንጋይ ተሸከም» አሉት። እያቃሰተ ተሸከመ። ያንጊዜ የሚያሞግሰው ነገር አላገኘም።

ቦዩን አገሩ በደቦ ቆፈረው። የመጀመሪያውን ዶማ የመታው አያ ሽባባው ነው። ሌላው ሲያርፍ እሱ አያርፍም። ሌላው ሲዘፍን እሱ አይዘፍንም። ቢያድግም ከጎኑ ቆፈረ፤ ሁለቱ ብዙ አልተነጋገሩም። ክረምቱ ሳይገባ ጭልጭል እየተንከባለለ ከአትጠገብ ደጅ ደረሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። እንስራው ከጀርባዋ ወረደ።

«አባዬ፣ አልፏል» አለችው። «ይቅር ብያለሁ። እንግዲህ ይተዉት።»

«እሺ» አላት።

ቁስሏ ሻረ። ጠባሳው ግን ቀረ። አያ ሽባባው ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ፤ ልጁንም እየመጣ ይጠይቃት ነበር። ፊቷን ወደሱ ስታደርግ ይስቃል፤ ይጫወታል። ዞር ስትልና ትከሻዋ ሲታየው ግን ዓይኑ መሬት ላይ ይወድቃል። እስኪሞት ድረስ እንዲህ ነበር።

ተረቴን ጨረስኩ። አፌን በዳቦ አብሱልኝ አላልኳችሁም። ይችን ብቻ ያዙ፤ የነሐሴ ወንዝ ለዓይን፣ የግንቦት ምንጭ ለጉሮሮ።